ያለ ፈቃድ የተከፈተ በር

ሐምሌ 3 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይህን ደብተር ያመጣሁት ከካርድ ክፍል ነው። ግማሹ ተጽፎበት የተጣለ ነበር፤ የተጻፈበትን ቀድጄ አውጥቼ ቀሪውን ለራሴ አደረግሁት። ሆስፒታል ቁጭ ብዬ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ስምና የሰው ሕመም ስጽፍ እውላለሁ፤ ለራሴ ግን አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የጀመርሁት ደስ ስላለኝ ነው።

እናቴ ዛሬ ከኋለኛው ክፍል ወደ ፊተኛው ብቻዋን መጣች። ማንም አልያዛትም። ግድግዳውን እየዳሰሰች መጥታ መቃኑን ስታገኘው ቆመችና «እዚህ ነው?» አለች። «እዚህ ነው እማዬ» አልኋት። ተሻግራ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሳቀችም።

የምንኖረው ፒያሳ አጠገብ ባለ አንድ የጣሊያን ፎቅ ውስጥ ነው። የቀበሌ ቤት ነው፤ ስምንት ቤተሰብ እንኖርበታለን። ለእኔና ለእናቴ ላይኛው ደርብ ላይ የተሰጡን ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን ናቸው እንጂ እርስ በርስ አይገናኙም ነበር። ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ ወጥቶ በበረንዳው ዞሮ መግባት ነው። በረንዳው ጣሪያ የለውም፤ ክረምት ሲገባ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። የእናቴ ዓይን ከደከመ ሦስት ዓመቱ ነው። አምና በነሐሴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰንጥቆ አራት ወር ተኛች። በኅዳር ለቀበሌው የቤቶች ኮሚቴ «በመካከለኛው ግድግዳ በር ይከፈትልኝ» ብዬ አመለከትሁ። እስከ ሰኔ መልስ የለም።

«ዝም ብለሽ ክፈቺው» ያለችኝ እጅጋየሁ ናት። «የእናትሽ ዳሌ ስብሰባ እስኪጠራ አይጠብቅም። እኔ እዚያው አይደለሁ? ለእኔ ተይው።»

እጅጋየሁ የኮሚቴው ጸሐፊ ናት። ጎረቤቴም ናት፤ የኋለኛው ክፍላችን የዳር ግድግዳ የእሷም ግድግዳ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን የተማርን ነን። እኔ እህት የለኝም። ያለኝ አንድ ወንድም ውድነህ ነው፤ እሱም ሁመራ ነው።

በሩን የከፈተልን ግንበኛው አያ አለኸኝ ነው፤ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው፣ እናቴን ከልጅነት የሚያውቃት። ሰኔ 21 እሑድ፣ የግቢው ሰው ሁሉ ችግኝ ተከላ በወጣበት ሰዓት ሠራው። ድምፁ እንዳይሰማ መዶሻውን በጆንያ ጠቅልሎ ነው የመታው። ይህን የምናውቅ እኔ፣ እናቴ፣ አያ አለኸኝና እጅጋየሁ ነን።

ሐምሌ 7

ሥላሴ። እናቴ ጠዋት ተነሥታ ለብቻዋ ወደ እኔ ተሻገረች፤ ቤተ ክርስቲያን ካልወሰድሽኝ ብላ አስቸገረችኝ። በጭቃ አልወስዳትም። እዚሁ ሆና ጸለየች።

እጅጋየሁ ከሰዓት በኋላ መጣች። በሩን አይታ እጇን መቃኑ ላይ እያሳለፈች «እንዴት አማረ!» አለች። የኋለኛውን ክፍል ዞር ዞር ብላ አየችው። «ይህ ክፍል ለካ ሰፊ ነው» አለች። «ከውጭ ሲያዩት ጠባብ ይመስላል።» አልጋዋን ወደ መስኮቱ ብናዞረው ለእናቴ ብርሃን እንደሚሆናት ነገረችኝ። እናቴ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለየው፤ ይህን የሚያስብላት እጅጋየሁ ብቻ ናት።

ሐምሌ 12፣ እሑድ

ስብሰባ። አዲስ መመሪያ ወጥቷል። እጅጋየሁ ናት ቆማ ያነበበችው።

«ማንኛውም የመንግሥት ቤት ተከራይ ያለ ኮሚቴው የጽሑፍ ፈቃድ በቤቱ ውስጥ ግድግዳ ማፍረስ፣ በርና መስኮት መክፈት ወይም መድፈን፣ ክፍል መክፈል አይችልም። ይህን ተላልፎ የተገኘ የሕዝብን ሀብት እንዳጠፋ ተቆጥሮ በሕዝብ ፊት ግለ ሂስ ያደርጋል፤ የተነካውንም ክፍል ይለቃል።»

ምድር ቤት የሚኖሩት ሽማግሌው አቶ ኃይለ ማርያም እጃቸውን አውጥተው «ምስማር መምታትስ?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ታከለ አልሳቀም። «ምስማሩ ለምን እንደሆነ ይታያል» አለ። ሳቁ እዚያው ቀረ።

እጅጋየሁን በዓይኔ ፈለግኋት፤ ወረቀቱን እያጠፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። መቼም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እኔን እያየች እንድታነብ አልጠብቅም። ደግ አደረገች እላለሁ።

መመሪያው የወጣው ዛሬ ነው፤ በሩ የተከፈተው በሰኔ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ይይዛል እንዴ? ልጠይቃት አስቤ ተውሁት።

ሐምሌ 14

ጠየቅኋት። «አይዞሽ አዙ፤ እኔ እያለሁ ማን ቤትሽን ይፈትሻል? ለማንኛውም ቁምሳጥኑን በሩ ላይ አቁሚው» አለችኝ።

ሁለታችን ሆነን ገፋነው። አንዱን ጠርዝ እሷ፣ አንዱን እኔ። በሩ ተሸፈነ። ሰው የማይመጣ ሲሆን ፈቀቅ አደርገዋለሁ፣ እናቴ ትሻገራለች፤ ሥራ ስሄድ እመልሰዋለሁ።

እናቴ «ምነው መንገዴን ዘጋሽው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ሐምሌ 20

ከውድነህ ደብዳቤ መጣ። በሰው እጅ ነው የመጣው፤ በማን እንደሆነ አልጽፍም። ከሁመራ ነው። ለሰው ሁሉ ሁመራ ብያለሁ፤ እዚህም ሁመራ ነው የምለው። በዚያ በክፉው ዓመት በሰባው ከሄደ ወዲህ ሦስተኛ ደብዳቤው ነው።

ያነበበችው እጅጋየሁ ናት። እኔ ሳነብ ስለማለቅስ እናቴ የእሷን ድምፅ ነው የምትወደው። እያነበበች አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ የቦታ ስም ነበር። እኔን አየችኝና ዘልላው አለፈች። እናቴ ግን ሞኝ አይደለችም። «ሸጋ ነው ልጄ» አለች፤ «ግና የሁመራን ዝናብ አላነሣም። በሐምሌ ከሁመራ የሚጽፍ ሰው ዝናቡን ሳያነሣ ይቀራል?»

ማታ አቃጠልሁት። ከእሱ የቀረን የእጁ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እሱንም አቃጠልሁት።

ሐምሌ 26

በችኮላ ነው የምጽፍ። ሆስፒታሉ ሞልቷል፤ ወባ ከቆላ እየመጣ ነው።

ደረጃ ላይ ጎረቤታችን ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ለአንዲት ሴት ሲናገሩ ሰማሁ፦ «የእጅጋየሁ ልጅ ዳኛው በመስከረም ያገባል አሉ። ሙሽራዋን የት ሊያስገባት ነው? ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል መጋረጃ ሊጋርድ?» እኔን ሲያዩ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

ዳኛው ሊያገባ ነው! ለምን አልነገረችኝም? ምናልባት ሽማግሌ እስኪላክ ብላ ይሆናል። ወሬ ሳይበስል መናገር አትወድም። ለሙሽራዋ የሚሆን ነጠላ ከወዲሁ ማሠራት አለብኝ።

ነሐሴ 1፣ ዓርብ

መጡ። ጓድ ታከለ፣ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ፣ መዝገብ የያዘች እጅጋየሁ። የፍልሰታ ጾም የገባ ዕለት ነው፤ እናቴ ምንም አልቀመሰችም ነበር።

በበረንዳው አምስት በር አልፈው ነው እኛ ዘንድ የመጡት። የእነዚያን አላንኳኩም። ጓድ ታከለ ገባ፣ ግድግዳውን አላየ፣ ጣሪያውን አላየ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ እጁን ቁምሳጥኑ ላይ አሳረፈ።

«ይህን አንሡት» አለ።

አብዮት ጠባቂው ገፋው። በሩ ታየ። ከበሩ ማዶ እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ወደ ድምፁ ፊቷን አዙራ «አዙ፣ መንገዴን ከፈትሽልኝ?» አለች።

እጅጋየሁ መዝገቧ ላይ ትጽፍ ነበር። አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ስትሰርዝ አይቻለሁ። ለእኔ ብላ ነው የሰረዘችው።

እንዴት አወቁ? ሳስበው ዋልሁ። ወለሉ ላይ ቁምሳጥኑ የተጎተተበት ጭረት አለ፤ ያንን አይተው ይሆናል። አለዚያም አያ አለኸኝ ነው። ግንበኛ ጠጅ ቤት ይገባል፤ ጠጅ ቤት ወሬ አይጠፋም። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ነሐሴ 2

ቀበሌ ተጠራሁ። ጓድ ታከለ ብቻውን ነበር። አልጮኸብኝም። ወንበር ሰጠኝ።

«ማን ሠራው?» አለኝ።

አላውቅም አልሁ። እንዲህ ያለ ሞኝ መልስ አለ? ቤቴ ውስጥ ግድግዳ ፈርሶ ማን እንዳፈረሰው አላውቅም!

«ማን ሠራው?» አለኝ ደግሞ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ፣ እንደ ዋዛ፣ «ወንድምሽስ ደህና ነው? የት ነበር ያለው?» አለኝ።

«ሁመራ» አልሁ።

«ሁመራ የት?»

ያን ጊዜ «ግንበኛው አያ አለኸኝ ነው» አልሁ። በሩን ጠየቀኝ፣ የበሩን መለስሁ። ቶሎ ቶሎ ተናገርሁ፤ የጆንያውን፣ የመዶሻውን፣ እሑድ መሆኑን፣ ሁሉንም። ጻፈ። ስለ ወንድሜ ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ደግሞ ቀድሞውንም ያውቅ ነበር። አያ አለኸኝ ራሱ ካልተናገረ ማን ተናገረ? የሚያውቁትን ብነግራቸው ምን አጠፋሁ?

ይህን ሦስት ጊዜ ጻፍሁት፣ ሁለቱን ሰረዝሁት።

ነሐሴ 5

አያ አለኸኝን አሥረውታል። መሣሪያውን ሁሉ ወስደውበታል፤ መዶሻውን፣ ፑንታውን፣ ቱንቢውን። ባለቤቱ ብርቱካን ቀበሌው በር ላይ ሰሐን በጨርቅ ጠቅልላ ቆማለች። ስወጣም ስገባም እዚያው ናት። ዝናብ እየወረደባት ነው።

ወደ ማዶ ተሻግሬ ሄድሁ። ያላየኋት መሰልሁ። እሷ አይታኛለች።

እጅጋየሁ አልመጣችም። አምስት ቀን ሆነ። ከእኔ ጋር ብትታይ ይጠረጥሯታል፤ ጥንቃቄዋ ለሁለታችን ይበጃል።

ነሐሴ 10፣ እሑድ

ግለ ሂስ አደረግሁ። ሁለት መቶ ሰው ፊት።

ክሱን ያነበበችው እጅጋየሁ ናት። ሥራዋ ነው። «ተከራይዋ አዛለች ሰኔ 21 ቀን 1973 ዓ.ም. ሕዝቡ ለልማት ዘመቻ በወጣበት ሰዓት እናቷ ታመውባት እንደሆነ አስመስላ ከዘመቻው በመቅረት…» እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ። እናቴ ያን ዕለት አልታመመችም ነበር፤ ታማለች ብዬ ነው የቀረሁት። ያን ውሸት ለጓድ ታከለ አልነገርሁትም። አያ አለኸኝም አያውቀውም፤ እሱ ሲመጣ እናቴ ደህና ቁጭ ብላ ነበር። ያን ምክንያት የመከረችኝ…

እናቴ ራሷ ለሰው ተናግራ ይሆናል። ሽማግሌ አይደለች?

ተራዬ ሲደርስ ቆምሁ። «የግል ጥቅሜን ከሕዝብ ጥቅም አስቀድሜ» አልሁ። «የሕዝብን ግድግዳ» አልሁ። ዓረፍተ ነገሮቹ ከአፌ ሲወጡ የሌላ ሰው ይመስሉ ነበር። ጓድ ታከለ «በቂ አይደለም» አለ፤ ደገምሁት። አቶ ኃይለ ማርያም ብቻ ተነሥተው «የእናትየዋ ዓይን ጉዳይም ይመዝገብ» አሉ። አልተመዘገበም።

ስወጣ እጅጋየሁ በአጠገቤ አለፈች። ክንዴን ነካ አደረገችኝ። ሙቀቱ እስካሁን አለ። ምን ማለቷ ነው?

ነሐሴ 14

ውሳኔው በደብዳቤ ደረሰኝ። የኋለኛው ክፍል ለቀበሌው ይመለሳል። በሩ እንደነበረ ይደፈናል፤ የሚደፍነውም የከፈተው ግንበኛ ነው፣ ያለ ደመወዝ።

የእናቴን አልጋ ወደ ፊተኛው አመጣሁት። ከእኔ አልጋ ጋር ተጋጥሞ መላወሻ የለም። ሁለት ጊዜ ተነሥታ ግድግዳውን እየዳሰሰች «በሩስ?» አለች። ሁለት ጊዜ አስረዳኋት። «እህ» ብላ ተቀመጠች።

ነሐሴ 19

አያ አለኸኝ መጣ። ፂሙ አድጎ፣ ከስቶ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሆን ዓመት የታሠረ መስሎ። ከኋላው አብዮት ጠባቂው ቆሟል። ለእናቴ ሰላምታ ሰጣት፤ ለእኔ ግን አልሰጠኝም።

ጡብ በጡብ እየደረደረ ዘጋው። እኔ ጥግ ቆሜ አየዋለሁ። እናቴ «አንተ አለኸኝ፣ ምነው ድምፅህ ጠፋ?» አለችው።

«አለሁ እመይቴ።»

«ያኔ ስትከፍተው እያንጎራጎርህ ነበር።»

«ያኔ ሥራ ነበር» አላት።

አብዮት ጠባቂው ሲጋራ ሊያጨስ በረንዳ ሲወጣ አልቻልሁም፤ «አያ አለኸኝ፣ ለምን ነገርሃቸው?» አልሁት።

ሲሚንቶ የያዘ እጁ እንደተንጠለጠለ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ?» አለ። «እኔን ከሥራ ላይ አንሥተው ሲወስዱኝ የመጀመሪያ ቃላቸው 'አዛለች ሁሉን ተናግራለች' የሚል ነበር። ወረቀቱን አነበቡልኝ። ጆንያው ሳይቀር አለበት። ልጄ፣ የእኔን ስም የሰጠሽ አንቺ ነሽ።»

«እነሱ ግን ቀድመው ያውቁ ነበር። በሩን ያውቁ ነበር…»

«በሩን ያውቁ ነበር። ማን እንደከፈተው አያውቁም ነበር። የበሩን የነገራቸው ስሜን አልያዘም፤ ወይም ሊይዘው አልፈለገም። አራተኛ ሰው ማን እንደነበረ አንቺ ታውቂያለሽ።»

የመጨረሻዋን ጡብ አስገባ። እናቴ በመዳፏ እርጥቡን ሲሚንቶ ነካች። «ቀዘቀዘ» አለች።

ነሐሴ 20

እጅጋየሁ ናት።

ጻፍሁት። ሌላ የምጽፈው የለም ዛሬ።

ጳጉሜን 3

ከሥራ ስመለስ ከኋለኛው ክፍል የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። በጆንያ አልተጠቀለለም፤ ፎቁ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ከእጅጋየሁ ቤት በኩል ነው የሚመቱት። በር እየከፈቱ ነው።

በበረንዳው ዞሬ ሄድሁ። የክፍሉ በር ላይ ፈቃዱ ተለጥፏል፤ ማኅተም አለበት። ቆሜ አነበብሁት። «ጓዲት እጅጋየሁ ሐምሌ 10 ቀን 1973 ዓ.ም. ባቀረቡት ማመልከቻ መሠረት፣ ከመኖሪያቸው ጋር የሚዋሰነው ክፍል ለልጃቸው ለዳኛው ተሰጥቷል፤ የውስጥ በር እንዲከፍቱም ተፈቅዷል።»

ሐምሌ 10። መመሪያው የተነበበው ሐምሌ 12 ነው። ቁምሳጥኑን አብረን የገፋነው ሐምሌ 14 ነው። ሐምሌ 10 ዕለት እናቴ እዚያ ክፍል ውስጥ ተኝታ ነበር።

የእኔ ማመልከቻ ኅዳር ላይ ገብቶ የት እንደቀረ አሁን ገባኝ።

መስከረም 1 ቀን 1974 ዓ.ም.

አደይ አበባ ይዛ መጣች። እናቴ ምንም አታውቅም፤ አልነገርኋትም። ድምፅዋን ስትሰማ ፊቷ በራ። «እጅጋየሁ ልጄ! ምነው ጠፋሽ? ምነው ሰው እንዲህ ይጨክናል?» ጉንጯን ይዛ ሳመቻት። እጅጋየሁ ጉልበቷ ላይ ተደፍታ ቆየች። ሳትነሣ ቆየች።

በረንዳ ላይ አስወጣኋት።

«አንቺ ነሽ» አልኋት።

ልትክድ ትችል ነበር፤ አልካደችም። «እኔ ነኝ» አለች።

«ለምን?»

«ታከለ ጠራኝ፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ። ከውድነህ ደብዳቤ እንደሚመጣላችሁ ሰው ጠቁሞታል። 'አንቺ ቤታቸው ትገቢያለሽ፤ ያለበትን ንገሪኝ' አለኝ። አላውቅም አልሁ። 'እንግዲያ ስለ እነሱ ምን ታውቂያለሽ?' አለ። ባዶ እጄን ከዚያ ክፍል መውጣት አልቻልሁም አዙ። ሁለት ነገር ነበረኝ፤ ትንሹን ሰጠሁት። በር ነው፤ ይደፈናል። ያኛውን ብሰጠው እናትሽም አንቺም ዛሬ የት ነበራችሁ?»

ለአንድ አፍታ አመንኋት። እውነቴን ነው፤ እቅፍ ላደርጋት እጄ ተነሥቶ ነበር። ይህንኑ ራሴ አድርጌው የለ? ወንድሜን ሲጠይቀኝ ግንበኛውን ሰጥቼ የለ?

«ማመልከቻውስ?» አልኋት።

«የቱ ማመልከቻ?»

«የሐምሌ 10ሩ። የውድነህ ደብዳቤ የመጣው ሐምሌ 20 ነው፣ እጅጋየሁ። ታከለ የጠራሽ በወሩ መጨረሻ ነው። ክፍሉን የጠየቅሽው ሐምሌ 10 ነው።»

የበረንዳውን መደገፊያ ይዛ ወደ ታች አየች።

«ዳኛው ልጄ ነው» አለች። «አንድ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው። አንቺ ልጅ የለሽም፤ አታውቂውም።»

«'ዝም ብለሽ ክፈቺው' ስትይኝ ይህን አስበሽ ነበር?»

«አላሰብሁም!» አለች ፈጥና። ከዚያ ዝግ ብላ፣ «ያኔ አላሰብሁም። ከተከፈተ በኋላ ነው» አለች። «ገብቼ ሳየው ነው።»

ደረጃውን ወረደች። ቤቷ ላይኛው ደርብ ላይ መሆኑን ረስታ ነው የወረደች።

እናቴ «ሸጋ ልጅ ናት፤ ከስታለች ግን» አለችኝ።

መስከረም 8

አያ አለኸኝን ከትናንት በስቲያ ፒያሳ አንድ ሱቅ ሲያድስ አገኘሁት። መሣሪያው ተመልሶለታል። ፊቱ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። የእጅጋየሁን ጥፋት ብቻ ሳሰላስል እንደኖርሁ፣ እኔ ግን በእሱ ላይ ያደረግሁትን እስከዚያ ቀን እንዳልቆጠርሁት ነገርሁት። ሥራውን ሳያቋርጥ ሰማኝ።

«እኔ ውስጥ ሆኜ ደረቅ ላይ ነበርሁ» አለ። «ዝናብ ላይ የቆመች ብርቱካን ናት። ሄደሽ እሷን ጠይቂ።»

ሄድሁ። ብርቱካን አስገባችኝ፤ አስቀመጠችኝም። የምለውን ሁሉ ሰማች። ይቅር ብያለሁም፣ አልልምም አላለች። «የልጄ ካርድ ጠፋ እየተባለ ከሆስፒታል ሁለቴ ተመልሻለሁ» አለች። «እሱን ፈልጊልኝ።»

በማግሥቱ ከሥራ ሰዓት በፊት ገብቼ ሦስት መደርደሪያ አወረድሁ። በአያቷ ስም ተመዝግቦ አገኘሁት። ልጅቷ ዛሬ ታየች፤ ሳንባዋ ነው፣ መድኃኒት ተጀመረላት። ብርቱካን ስትወጣ በመስኮቴ በኩል ራሷን ነቀነቀችልኝ። ይኸው ነው።

መስከረም 22

ከግድግዳው ማዶ ይስቃሉ። አዲስ አልጋ አስገብተዋል። እናቴ እያዳመጠች «እነማን ናቸው?» አለች። ሙሽሮች ናቸው አልኋት። «እሰይ» አለች። መረቀቻቸው።

ከዚህ በላይ እዚህ ቤት ማደር አልችልም። ካርድ ክፍል አብራኝ የምትሠራው እቴነሽ፣ አዘዞ ውስጥ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት አላት፤ ምድር ቤት፣ ደረጃ የሌለው። ወደ ከተማ መግባት ትፈልጋለች። እንለዋወጥ አልኋት። ዓይኗን አላሸችም፤ በደስታ ዘለለች።

ጥቅምት 5

የቤት ልውውጥ ቅጹን ሞላሁ። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት። «ምክንያት» የሚለው ጋ ስደርስ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ «ለሥራ ቦታዬ ስለሚቀርበኝ» ብዬ ጻፍሁ።

ማኅተሙ ያለው እጅጋየሁ ዘንድ ነው። ሌላ ጸሐፊ የለም። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥሁላት። ከመስከረም 1 ወዲህ ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነው።

አነበበች። ምክንያቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«አዘዞ ነው ለሆስፒታሉ የሚቀርበው?» አለች። ከዚህ ሆስፒታሉ በእግር ሩብ ሰዓት ነው፤ ከአዘዞ በማኪና ነው የሚመጣ።

«ለእኔ ይቀርበኛል» አልሁ።

ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም አየሁት፤ እሷም እንዳየሁት አየች። «እማዬ ታውቃለች?» አለች። እናቴን ከልጅነቷ ጀምራ እማዬ ነው የምትላት።

«አታውቅም። አንቺ ንገሪያት።»

ማኅተሙን አነሣች፣ እፍ አለችበት፣ መታችው።

ጥቅምት 7

ዕቃው ታስሯል። ማኪናው ከቀትር በፊት ይመጣል ብለዋል።

እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ወንበር አስወጥታ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ግቢ አልል አለች። «እጅጋየሁ ሳትሰናበተኝማ አትቀርም» ትላለች።

ከእጅጋየሁ በር ማዶ የእግር ድምፅ ይሰማል። ይመጣል፣ በሩ ሥር ይቆማል፣ ይመለሳል።